በፈቃዳቸው ብስክሌተኞችን ስለሚመሩ ሰዎች
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር






የበዓሉ ኮሚቴ ከትምህርት ቤታችን ክበቦች እያንዳንዱ ስለ ሥራው አንድ ንግግር እንዲያሰማ በወሰነ ጊዜ፣ የእኛ የቅዳሜ ብስክሌተኞች ተራ የደረሰው ከመዘምራኑና ከእግር ኳስ ቡድኑ ቀጥሎ ነው። ከመዝሙርና ከዋንጫ በኋላ ተነሥቶ መናገር ቀላል እንዳይደለ ታውቁታላችሁ። እኛ የምናሳያችሁ ዋንጫ የለንም። እንዲያውም ዛሬ ልንናገርላቸው የተነሣነው ሰዎች ከሥራቸው ጠባይ የተነሣ ዋንጫ ሊያገኙ የማይችሉ ናቸው። እነዚህም በየአገሩ ባሉት የብስክሌት ማኅበሮች ውስጥ በዕረፍት ቀናቸው፣ ያለ ደመወዝ፣ በገዛ ፈቃዳቸው ሰው ሰብስበው የሚያወጡና አንድም ሰው ሳያጎድሉ መልሰው የሚያስገቡ የጉዞ መሪዎች ናቸው።

ምናልባት ከወላጆቻችን መካከል «ብስክሌት ለመንዳት ደግሞ ምን መሪ ያስፈልጋል?» የሚል አይጠፋ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንድ ኮርቻ ለአንድ ሰው ነው፤ ፔዳሉንም የሚረግጠው ባለቤቱ እንጂ ሌላ አይደለም። ሐዋሳ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ስለ ሆነች ሠራተኛው ወደ ሥራው፣ ተማሪው ወደ ትምህርቱ፣ ነጋዴው ወደ ገበያው በሳይክል ሲመላለስ በየቀኑ እናያለን፤ መሪ አምጡልኝ ያለ ሰው ግን እስካሁን አልሰማንም። ይሁን እንጂ 15 ወይም 20 ሰው በአንድነት ተነሥቶ፣ ከመካከሉ አንዱ የ14 ዓመት ልጅ፣ አንዱ ጎልማሳ መምህር፣ አንዱ አዲስ ብስክሌት የተገዛለት፣ አንዱ ደግሞ ከታላቅ ወንድሙ የወረሰውን አሮጌ ብስክሌት የያዘ ሆኖ፣ 20 ኪሎ ሜትር ርቆ ሄዶ በአንድነት ልመለስ ባለ ጊዜ ነገሩ ሌላ ይሆናል። አባቶቻችን «ለብቻው የሮጠን ማን ይቀድመዋል» ይላሉ። ለብቻው የነዳውን የሚቀድመው እንደሌለ ሁሉ የሚጠብቀውም የለም፤ ጎማው ቢተነፍስ ብቻውን ነው፣ ቢወድቅም ብቻውን ነው። በአንድነት እንሂድ ከተባለ ግን አንድነቱን የሚጠብቅ ሰው ሊኖር ግድ ነው።

የነገሩን አመጣጥ በአጭሩ እንንገራችሁ። ስለ አገራችን ከምንናገረው በቀር የምንጠራቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1870 በለንደን፣ ሃክኒ በሚባለው ሰፈር ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው የብስክሌት ማኅበር አቆሙ። በዚያው ወር ያረፈውን ደራሲ ቻርልስ ዲክንስን ለማክበር ሲሉ ከመጽሐፎቹ የአንዱን ስም ወስደው ማኅበሩን «ፒክዊክ» አሉት፤ ማኅበሩ እስከ ዛሬ አለ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በየማኅበሩ የተዘወተረው ብስክሌት የፊት ጎማው እስከ ሰው ደረት የሚደርስ፣ የኋላው ግን እንደ ጣባ ያነሰ ነበር። ነጂው ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ድንጋይ ያደናቀፈው እንደ ሆነ በአፍ ጢሙ ይደፋ ነበር። መንገዱም ጋሪ ያረሰው የአፈር መንገድ ነው። ስለዚህ ማኅበሮቹ ካፒቴን ይመርጡ ነበር፤ መንገዱንና ፍጥነቱን የሚወስነው፣ ከፊት የሚሄደውም እርሱ ነው። ምክትልም ነበረው። ከዚህም በላይ ጥሩምባ ነፊ ነበራቸው፤ ሲነፋ ሁሉም ይወጣል፣ ሲነፋ ሁሉም ይወርዳል።

ይህን ባነበብን ጊዜ የእኛ አባቶች ለዚህ ነገር ስም እንደነበራቸው ትዝ አለን። ከሠራዊት ፊት የሚሄደው ፊታውራሪ፣ ከኋላ የሚጠብቀው ደጀን ይባል ነበር። እኛም በቅዳሜ ጉዞአችን ሁለቱን ስሞች ወስደን እንሠራባቸዋለን። ታናናሾቻችን «ፊታውራሪ» የሚለውን ስም ከመጠን በላይ ስለሚወዱት፣ ገና በሩ ሳይከፈት «ዛሬ ፊታውራሪው ማን ነው?» እያሉ ያስቸግሩናል። «ዛሬ ደጀኑ ማን ነው?» ብሎ የጠየቀን ልጅ ግን ጥቂት ነው፤ ወደዚህ ነገር በኋላ እንመለሳለን።

በ1878 ደግሞ ስታንሊ ኮተሬል የተባለ የኤዲንብራ የሕክምና ተማሪ በሃሮጌት ከተማ የብስክሌት ተጓዦችን ማኅበር መሠረተ። ልብ በሉ፤ መሥራቹ ተማሪ ነበር። ማኅበሩ ከ1880 ጀምሮ ሴቶችን በአባልነት ተቀበለ፤ በአደገኛ ቁልቁለቶች አናት ላይም ብስክሌተኞችን የሚያስጠነቅቁ ሰሌዳዎች አቆመ። መኪና ገና በመንገድ ላይ ባልታየበት ዘመን «ተጠንቀቅ» የሚል ሰሌዳ ያቆሙት ብስክሌተኞች መሆናቸው ያስደንቃል። ይኸው ማኅበር ስሙን እየለወጠ ቆይቶ ከ2016 ወዲህ «ሳይክሊንግ ዩኬ» ይባላል። በብሪታንያ ከተሞች በሚገኙት ቡድኖቹ ውስጥ ዛሬም ጉዞውን የሚመሩት በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ሰዎች ናቸው፤ የአንዱ ሥራ የባንክ ጸሐፊነት፣ የሌላው ነርስነት፣ የሌላው ጡረታ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ግን እኛን ያስገረመን የፈረንሣዩ ታሪክ ነው። ሄንሪ ዴግራንዥ የሚባለው የጋዜጣ አዘጋጅ በ1903 ቱር ደ ፍራንስ የተባለውን ታላቅ የብስክሌት ውድድር እንደ መሠረተ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በዚህ ውድድር ቀድሞ የደረሰ ይከበራል፤ የቀረ ይቀራል። እኛም ውድድርን የምንጠላ አይደለንም። የአገራችን ልጅ ፅጋቡ ግርማይ በ2016 ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆኖ በቱር ደ ፍራንስ መሰለፉን፣ የኤርትራውም ቢንያም ግርማይ በ2024 ሦስት ጊዜ አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ መልበሱን በኩራት እናወራለን። ነገር ግን ይኸው ዴግራንዥ በ1904፣ ማለት ቱርን በመሠረተ በዓመቱ፣ ከጣሊያኖች ሐሳቡን ወስዶ «ኦዳክስ» የሚባለውን የረጅም መንገድ ጉዞ በፈረንሣይ አቋቋመ። በኦዳክስ አንደኛ የሚባል የለም። ሁሉም በአንድነት ይነሣል፤ የመንገድ ካፒቴኖች ከፊት ሆነው በተወሰነ ፍጥነት ይመራሉ፤ ካፒቴኑን ማለፍ ክልክል ነው፤ ሁሉም በአንድነት ይገባል። ዛሬ የሚሠራበት ፍጥነት በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። ይህን ፍጥነት ብርቱ ጎረምሳ ይስቅበታል። 200 ኪሎ ሜትር ሙሉ፣ በአቀበቱም በሜዳውም በተቻለ መጠን ሳያዛንፉ፣ ከኋላቸው ያለውን ሕዝብ እየጠበቁ መሄድ ግን ከመሮጥ የከበደ እንጂ የቀለለ አይደለም። አንድ ሰው በአንድ ዓመት ልዩነት ሁለቱንም መሥራቱ፣ የሚቀድመውንም አብሮ የሚገባውንም ብስክሌተኛ ማክበሩ፣ ብዙ አነጋግሮናል።

ከልጅነታችን ጀምሮ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ስለ ሆንን፣ ያዕቆብ ከወንድሙ ከዔሳው ጋር በመንገድ የተገናኘበትን ታሪክ እናስታውሳለን። 400 ሰው ያስከተለው ዔሳው አብረን እንሂድ ቢለው፣ ያዕቆብ ሕፃናቱንና የሚያጠቡትን እንስሳት አይቶ በእነርሱ እርምጃ ልክ በዝግታ መሄድን መረጠ። እኛ የምናውቀው የጥንቱ የጉዞ መሪ እርሱ ነው ብንል መምህሮቻችን አይቆጡንም ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አንድ አቀበት በሐሳባችሁ ያዙ፤ ለምሳሌ ወደ ወንዶ ገነት ስንወጣ የምናገኘውን። ብርቱዎቹ በ10 ደቂቃ ይወጡታል እንበል፤ ደካሞቹ በ18 ደቂቃ። ብርቱዎቹ ከላይ ደርሰው፣ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ውኃ ጠጥተው፣ እየተጨዋወቱ 8 ደቂቃ ዐረፉ። ከዚያ የመጨረሻዋ ልጅ ላቧ በፊቷ እየወረደ፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ ደረሰች። ወዲያው «ተሟልተናል፤ በሉ እንሂድ!» ይባላል። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ዕረፍት የማያስፈልገው ሰው 8 ደቂቃ ዐረፈ፤ ዕረፍት የሚያስፈልጋት ልጅ አንዲት ደቂቃ አላገኘችም። በሁለተኛው አቀበት ይኸው ይደገማል። በሦስተኛው ላይ ልጅቱ ወርዳ ብስክሌቷን ትገፋለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከትምህርት ቤቱ በር አናገኛትም። ማንም አላባረራትም፤ ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም፤ እንዲያውም ሁሉም «ጠብቀናታል እኮ!» ብሎ በቅን ልብ ይምላል። መሐላውም እውነት ነው፤ ጠብቀዋታል። ነገር ግን የጠበቁት ራሳቸውን እያሳረፉ ነው።

ስለዚህ ጥሩ መሪ የዕረፍቱን ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው የመጨረሻው ሰው ከደረሰ በኋላ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በእኛ አስተያየት ግን የዚህ ሥራ ዋናው ምሥጢር ይኸው ነው። ብርቱዎቹ መጀመሪያ ያጉረመርማሉ፤ «ሰውነታችን ቀዘቀዘ፣ መሸብን» ይላሉ። መሪው መስማት እንደማይችል ሰው ሆኖ ሰዓቱን ይመለከታል። መጨረሻ የደረሰችው ልጅ ውኃ ጠጥታ፣ ፊቷን አብሳ፣ ከሌሎቹ ጋር ሦስት ቃል ተነጋግራ ሳትጨርስ ማንም ኮርቻ ላይ አይወጣም።

ሁለተኛው ነገር የሰልፉ መለጠጥ ነው። ከፊት ያለው መሪ ኩርባውን ወይም የፍጥነት መቀነሻውን ቀስ ብሎ አልፎ ወዲያው ፍጥነቱን ቢጨምር፣ ከኋላ ያሉት ገና በዝግታ እያለፉ ነውና ይርቃቸዋል። ለመድረስ ሲሉ ይሮጣሉ፤ ሲደርሱ እርሱ ለሌላ መሰናክል ቀዝቅዞ ያገኙትና ፍሬን ይይዛሉ። ሰልፉ እንደ ብረት ሠሪ ወናፍ ይለጠጣል ይጨመቃል። መሪው ቀኑን ሙሉ በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሄደ ይመስለዋል፤ ከኋላ ያለው ግን ቀኑን ሙሉ ሲሮጥና ሲቆም ውሏል። በዚህም ምክንያት አዋቂ መሪ ኩርባ ካለፈ በኋላ ፔዳሉን ለማክበድ አይቸኩልም። የኋላው ሰው «ደረስን!» ብሎ ሲጮህና ድምፁ ከአፍ ወደ አፍ ተቀባብሎ ፊት ሲደርስ፣ ያን ጊዜ ይጨምራል።

መስቀለኛ መንገድ ላይ ምን ይደረጋል? የእንግሊዝ ማኅበሮች የሚሠሩበት አንድ ዘዴ አለ፤ እኛም ከሞከርነው ወዲህ አልተውነውም። መሪው ወደ አንድ ማዕዘን ሲደርስ ከበስተኋላው ያለውን ሁለተኛውን ሰው «አንተ እዚህ ቁም» ይለዋል። ያ ሰው ማዕዘኑ ላይ ቆሞ፣ ሰልፉ ሁሉ እስኪያልፍ መታጠፊያውን በእጁ ያሳያል። ደጀኑ ሲደርስ ማለቃቸውን ያውቅና ከደጀኑ ፊት ገብቶ ይቀጥላል። በሚቀጥለው ማዕዘን የሚቆመው ሌላ ነው። በዚህ አኳኋን ሰልፉ ግማሽ ኪሎ ሜትር ቢረዝም እንኳ መንገድ የሚስት የለም። ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ የ14 ዓመቱ ልጅ በአደባባዩ ላይ ብቻውን ቆሞ ለታላላቆቹ መንገድ ሲያሳይ ብታዩት ቁመቱ በአንድ ክንድ የጨመረ ይመስላችኋል።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ እንንገራችሁ። መሪው መንገዱን አስቀድሞ ይሄድበታል፤ ክረምቱ የቦረቦረውን ቦታ፣ ጎሚስታ ያለበትን ሰፈር፣ ውኃ የሚገኝበትን ሱቅ ያውቃል። ሳይነሣ የሁሉንም ፍሬን በገዛ እጁ ይይዛል። «ጉድጓድ!» «ባጃጅ ከኋላ!» የሚለው ጥሪ ሳይቋረጥ እንዲተላለፍ ያደርጋል። በብሪታንያ በ2022 የተሻሻለው የመንገድ ደንብ ብስክሌተኞች ሁለት ሁለት ሆነው ጎን ለጎን መሄድ እንደሚችሉ፣ በተለይ ቡድኑ ትልቅ ሲሆን ወይም ልጆች ሲኖሩበት ይህ የበለጠ ደኅና ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። በእኛ መንገድ ግን ባጃጁ፣ የአህያ ጋሪውና አይሱዙው በአንድነት ስለሚጋፉ እኛ በአንድ ረድፍ እንሄዳለን። ከውጭ አገር የሚመጣ ምክር ሁሉ ከእኛ አስፋልት ጋር ተመዛዝኖ መወሰድ አለበት።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበን ግን ከሰልፉ ውስጥ ያለው ማን ነው፣ ሳይጠራ የቀረውስ ማን ነው የሚለው ነው። በአሜሪካ በ1880 የተመሠረተ ትልቅ የብስክሌተኞች ሊግ ነበር። በ1893 ኪቲ ኖክስ የምትባል የቦስተን ልብስ ሰፊ ወጣት የዚህ ሊግ አባል ሆነች፤ አባትዋ ጥቁር እናትዋ ነጭ ነበሩ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1894፣ ሊጉ አባልነት ለነጮች ብቻ ነው የሚል ደንብ አወጣ። ኪቲ ግን ደንቡ ሳይወጣ የተሰጣት የአባልነት ካርድ ስለ ነበራት፣ በ1895 በአዝበሪ ፓርክ በተደረገው የሊጉ ታላቅ ጉባኤ ላይ ካርዷን ይዛ ተገኘች። እስቲ አስቡት፤ በሺሕ በሚቆጠር ሰው መካከል፣ ራስዋ በሰፋችው የብስክሌት ልብስ! ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1899፣ ሜጀር ቴይለር የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ያ ደንብ ግን በይፋ የተሻረው በ1999 ነው። 100 ዓመት ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ዛሬ በአሜሪካ በሜጀር ቴይለር ስም የተጠሩ የብስክሌት ማኅበሮች አሉ፤ እነርሱም እንደ ሌሎቹ በፈቃደኛ መሪዎች ለጀማሪውም ለብርቱውም ጉዞ ያደርጋሉ።

ይህን የምንናገረው አሜሪካንን ለመውቀስ አይደለም። ሰውን በደንብ መከልከል እንዳለ ሁሉ፣ ያለ ደንብም፣ በፍጥነት ብቻ መከልከል እንዳለ ለማሳየት ነው። አስቀድመን የተናገርነው የአቀበቱ ነገር ይህን የመሰለ ነው። በብሪታንያ ይህንኑ በመረዳት በ2011 «ብሪዝ» የሚባል ሥራ ተጀመረ፤ ሴቶች ሥልጠና ወስደው በፈቃዳቸው ሌሎች ሴቶችን ያለ ክፍያ ይመራሉ። በእኛም ዘንድ እኅቶቻችን በቅዳሜው ጉዞ ላይ ብዙ ያልነበሩበት ጊዜ ነበር። ከመካከላቸው አንዲቱ ደጀን ሆና መሄድ ከጀመረች ወዲህ ግን ቁጥራቸው ጨምሯል። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው «ወደ ኋላ ስንቀር የምናገኘው እርስዋን ነዋ!» አሉን። ከዚህ መልስ በኋላ ሌላ ጥናት አላስፈለገንም።

ክቡራን እናቶቻችንና አባቶቻችን፤ ስለ ሴቶች ልጆቻችሁ ያላችሁን ሥጋት እናውቃለን። አንዲት እናት ከትምህርት ቤቱ በር መጥተው «ትሂድ ብላችኋል፤ ማን ነው የሚመልሳት?» ብለው ጠይቀውናል። እኛም ደብተራችንን ከፍተን አሳየናቸው። በደብተሩ ላይ የወጣው ሰው ሁሉ ስም፣ የወላጅ ስልክ ቁጥር፣ የምንሄድበት መንገድና የምንመለስበት ሰዓት ይጻፋል፤ ስንመለስ ደጀኑ በእያንዳንዱ ስም ትይዩ ምልክት ያደርጋል፤ ምልክት የሌለው ስም እያለ መሪ ወደ ቤቱ አይሄድም። እኒያ እናት ደብተሩን አገላብጠው አዩና «የመጨረሻው ምልክት የማን ነው?» አሉ። የደጀኑ ነው አልናቸው። ልጃቸው በሚቀጥለው ቅዳሜ መጣች።

በአገራችን በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» የሚለው ቀን በተጀመረ ጊዜ ዋና ዋና ጎዳናዎች ለጥቂት ሰዓት ከመኪና ነጻ ሆነው እግረኛውና ብስክሌተኛው ሲዝናናበት አይተን ደስ ብሎናል። በዚያን ቀን መሪ ባይኖርም ይቻላል፤ ልጅ ቢጠፋ የሚጠፋው በሰው መካከል ነው። በሌላው ቀን ግን መንገዱ ለሁሉም ክፍት ነው። ስለዚህ መኪናውን የሚያቆም ሹም በሌለበት ቅዳሜ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ሰው ያስፈልጋል።

ይህ ሥራ ምን ያስከፍላል? እውነቱን እንናገር። መሪው የገዛ ጉዞውን ያጣል። ነፋሱ ከኋላ ሲገፋ፣ ወደ ጥቁር ውኃ የሚወስደው መንገድ ለጥ ብሎ ሲዘረጋ፣ እግሩ «ልቀቀኝ» እያለው ይዞ መሄድ አለበት። ደጀኑ ደግሞ የሰው አቧራ ይጠጣል፤ የሌላ ሰው ጎማ ሲተነፍስ ተንበርክኮ ከመነዳሪውን አውጥቶ፣ ማስቲሽ ቀብቶ፣ ፖምፓ ይነፋል፤ ሌሎቹ ደርሰው ሻይ ሲጠጡ እርሱ ገና መንገድ ላይ ነው። ጉዞው በመልካም ሲፈጸም ማንም ምንም አላየም፤ ምክንያቱም ያልሆነ ነገር አይታይም። ማንም አልጠፋም፣ ማንም አልወደቀም፣ ማንም ተስፋ ቆርጦ አልቀረም፤ ለዚህ ጭብጨባ የለም። ይህንን እያወቁ በየሳምንቱ የሚነሡ ሰዎች በየአገሩ መኖራቸው ለእኛ ከማናቸውም የውድድር ታሪክ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው።

በዚህ ነገር ከጓደኞቻችን ጋር የምንከራከርበት ነጥብ አለ። «መሪ የሚሆነው ከሁሉ ፈጣን የሆነው ነው፤ ካልሆነ ማን ይታዘዘዋል?» የሚሉ አሉ። እኛ አንስማማም። ፈጣን ሰው ፈጣን መሆኑን ሊረሳው አይችልም፤ ቢረሳው እንኳ እግሩ ያስታውሰዋል። ከእኛ መካከል ከሁሉ የተመሰገነው ፊታውራሪ አንድም ቀን ቀድሞ የገባ ልጅ አይደለም። በየመቶ እርምጃው አንገቱን ወደ ኋላ የማዞር ልማድ አለው፤ ሌላ ምንም የተለየ ነገር የለውም። ፈጣኑን ልጅ ደግሞ ሥራ አናሳጣውም፤ ወደ ኋላ ሄዶ የደከመውን አይቶ ወደ ፊት መጥቶ እንዲነግረን እንልከዋለን፤ እርሱም ደስ ብሎት ሲመላለስ ከእኛ እጥፍ ይነዳል።

አሁን ወደ ችግራችን ደረስን። በትምህርት ቤታችን የቅዳሜውን ጉዞ የምንመራው አራት ነን፤ ሁለት ፊታውራሪ፣ ሁለት ደጀን። አራታችንም የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ነን። ፈተናው ካለቀ በኋላ አንዳችን ወደ አንዱ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዳችን ወደ ሌላው እንበተናለን። በዚህ ወር በደብተሩ ላይ የተመዘገበው ስም 23 ነው፤ ከእነዚህ መካከል ለመምራት እሺ ያለ እስከ ትናንት ድረስ አንድ ልጅ ብቻ ነበር፣ እርሱም ፊታውራሪነቱን እንጂ ደጀንነቱን አልፈልግም ብሏል። ደጀን የሌለው ሰልፍ ሁለት ወር ቢቆይ ነው። ብርቱዎቹ ብቻ ይቀራሉ፤ ብርቱዎቹ ደግሞ እርስ በርሳቸው መሽቀዳደም ይጀምራሉ፤ ከዚያ በኋላ በየፊናቸው ይሄዳሉ። የብስክሌቱ ቁጥር እንደ ሆነ አይቀንስም፤ ቅዳሜ ማለዳ ከበሩ የሚሰበሰበው ሰው ግን አይኖርም።

ስለዚህ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ ከእናንተ የምንፈልገው ጉልበት አይደለም። እስከ 23 መቁጠር የሚችል፣ ፍሬኑ የሚይዝ፣ ሲያጉረመርሙበት የማይናደድ ሰው ይበቃናል። ጎማ መለጠፍ የማይችል ቢኖር እናስተምረዋለን፤ እኛም የተማርነው ከገበያው አጠገብ ካሉት ጎሚስታ ነው፤ እርሳቸውም ለትምህርቱ የተቀበሉን አንድ ብርጭቆ ሻይ ብቻ ነው። መምህሮቻችንም፣ ከእናንተ መካከል በብስክሌት የምትመጡ እንዳላችሁ እናያለን። ወር በገባ አንድ ቅዳሜ አብራችሁን ብትወጡ ሰልፉ በእናንተ ምክንያት ቀስ ይላል ብላችሁ አታስቡ፤ ቀስ ማለቱን አስቀድመን ለምደነዋል።

የመሣሪያው ሣጥን፣ ማለትም ፖምፓው፣ መፍቻዎቹ፣ ሁለቱ ትርፍ ከመነዳሪዎችና ፋሻው፣ ከነደብተሩ በስፖርት መምህራችን ቢሮ ነው። ከፊታችን ያለው ቅዳሜ ጉዞ እስከ ጥቁር ውኃ ድልድይ ሄዶ መመለስ ነው፤ የምንነሣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ከትምህርት ቤቱ በር ነው። ደጀን ለመሆን የሚፈልግ ሰው 12 ሰዓት ላይ ቢመጣ የፍሬን አያያዙን እናሳየዋለን።